የመሪ ጸጋና የአባላት እምነት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአምስቱ አጥኚዎች ስም የተነበበ)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ጭቅጭቁ በዝቶ፣ የተያዘው ጉዳይ ሳያልቅ መሸብን። በዚያን ጊዜ አንድ አባት ብድግ ብለው፣ «እንዲያው መሪ የምንለው ሰው በምን ይታመናል? እስኪ ይህን ነገር አጥንተው የሚመጡ ሰዎች እንምረጥ» አሉ። እናንተም እኛን አምስታችንን መረጣችሁ። ከአምስታችን አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሁለቱ ገበሬዎች፣ አንዷ በገበያ የምትነግድ እናት፣ አንዱ ደግሞ ትምህርቱን በቅርቡ የጨረሰ ወጣት ነው። ሊቃውንት አይደለንም። ያየነውን፣ የጠየቅነውንና ያነበብነውን አንድ ላይ አድርገን እናቀርባለን፤ ጉድለት ቢገኝበት እናንተ ታርሙታላችሁ።

ነገሩን ከሩቅ አናመጣውም፤ ከራሳችን ቤት እንጀምር።

ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ሲቸረችሩ የኖሩትን እናታችንን ሁላችሁም ታስታውሷቸዋላችሁ። ስማቸውን እዚህ ላይ አንጠራም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ታመው ከቤት ዋሉ። ልጅ በአጠገባቸው አልነበረም። ዝናቡም ነበር፤ የእርሻው ጥድፊያም ነበር፤ ሁሉም በየፊናው ተጠመደ። በመጨረሻ እሳት ልትጭር የሄደች የጎረቤት ልጅ በሩን ገፋ ብታደርግ፣ ሞተው አገኘቻቸው። አንድ ሌሊት አልፏቸዋል።

ከዚያማ ጡሩምባው ተነፋ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ ድስቱ ተጣደ። ቀብሩ እንደ ትልቅ ሰው ቀብር ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ጎረፈ። መዝገቡን ብናገላብጥ እኒህ ሴት ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ የወር መዋጮአቸውን አንድም ወር አላጎደሉም፤ ለቅሶ ቀርተውም የመቀጫ ገንዘብ ከፍለው አያውቁም። እንግዲህ ዕድሩ ያለበትን ዕዳ ከፈለ ማለት ነው። ነገር ግን አንዲት እናት ከድንኳኑ ሥር ተቀምጠው፣ «ለሬሳዋ ይህን ሁሉ ሰው ያገኘች፣ በቁሟ ውኃ የሚያቀብላት አንድ ሰው አጣች» ሲሉ ሰማን። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ አልወሰደንም።

ለምን አልተጠየቁም? ክፉዎች ስለሆንን ነው? አይደለም። በዚያ ወራት እኛ እርስ በርስ አንነጋገርም ነበር። ግማሹ «የዕድሩ ገንዘብ ተበልቷል» ይላል፤ ግማሹ «ሰብሳቢውን ያለ ስማቸው ስም ሰጣችሁ» ይላል። አንዱ ወገን በሄደበት ሌላው አይሄድም። እናታችን የታመሙት በዚህ መካከል ነው። አያችሁ፣ እምነት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎዳው ገንዘቡ አይደለም፤ ጠያቂ የሌለው ሰው ነው። ለማለት የምንፈልገውም ዋናው ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቀድሞው ሰብሳቢያችን ጉዳይ እንለፍ። እሳቸው ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ይህን በጉባኤ ፊት እንድንናገርም በገዛ አንደበታቸው ፈቅደውልናል፤ እናመሰግናቸዋለን። እኒህ ሰው እግዚአብሔር ሁለት ጸጋ የሰጣቸው ናቸው፤ አንደበትና ርኅራኄ። የተጣላ ሲያስታርቁ፣ ያዘነ ሲያጽናኑ የሚስተካከላቸው የለም። እኛም ስለ ወደድናቸው ሁሉን ነገር ጣልንባቸው። መዋጮውን የሚሰበስቡት እሳቸው፣ ደረሰኙን የሚቆርጡት እሳቸው፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ሆኑ። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በወረቀት ላይ ነበሩ እንጂ በሥራ ላይ አልነበሩም። «እሳቸው እያሉ ምን ቸገረን!» እንል ነበር። ይህ ቃል የማመን ቃል ይመስላል፤ ስንመረምረው ግን የስንፍና ቃል ነው።

በኋላ ሒሳብ ሲጠየቁ ተቀየሙ። «እኔ ስንት ዘመን ሳገለግል ኖሬ፣ ዛሬ እንደ ሌባ!» አሉ። እኛ ደግሞ መቀየማቸውን እንደ ምስክር ቆጠርንባቸው። ነገሩ እንዲህ እየከረረ ሄደ። የሆነው ሆኖ፣ ከአምስታችን ወጣቱ ልጅ ደረሰኙን ከመዝገብ፣ መዝገቡን ከባንክ ደብተር ጋር ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያስተያይ ሰነበተ። የተገኘውን በአጭሩ እንንገራችሁ፤ አንዲትም ሳንቲም ወደ ኪሳቸው አልገባችም። የጎደለው ጥቂት ገንዘብ አንድ አባላችን በጠና ታሞ ወደ ባሕር ዳር ለሕክምና ሲሄድ ለመሳፈሪያና ለመድኃኒት የሰጡት ነው። ታዲያ ለምን አልጻፉትም? ደንባችን ለሞተ ይከፍላል እንጂ ለታመመ አይከፍልምና። ቢጽፉት ደንብ አፈረሱ ሊባሉ፣ ባይሰጡት ሰውየው ሊሞት ነው። ሰጡ፤ ደበቁትም። ርኅራኄያቸው ትክክል ነበር፤ መደበቃቸው ስሕተት ነበር፤ ደንባችንም ስሕተት ነበር። ከሦስቱ ሁለቱን ዛሬ ልናርም እንችላለን።

ከዚህ በመነሣት «ጸጋ ያለው ሰው እንዴት መሪ ይሁን?» የሚለውን ጥያቄ ይዘን ንባብም ጀመርን፤ ሰውም ጠየቅን።

መምህሩ ጓደኛችን ያነበቡልንን አስቀድመን እናውሳ። ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ማርቲን ሴሊግማን የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ የሰውን መልካም ጠባዮች 24 አድርገው ቆጥረዋቸዋል። ከእነዚህም ውስጥ ድፍረት፣ ደግነት፣ ሚዛናዊነት፣ ትሕትና፣ ራስን መግዛት፣ ለማወቅ መጓጓት፣ ተስፋ፣ አመስጋኝነት፣ ቀልድ አዋቂነት ሳይቀር ይገኙባቸዋል። እኛን ያስገረመን ግን ሌላ ነው። መሪነት ራሱ ከ24ቱ አንዱ ብቻ ሆኖ መቆጠሩ ነው። እንግዲህ ሰው ሰብስቦ የመምራት ተሰጥዎ ያለው ሰው ሃያ ሦስቱ ሌሎች ሰዎች ዘንድ ተበትነው ይገኛሉ ማለት ነው። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ይህንኑ ነው።

አንድ ጸጋ ብቻውን ሲነግሥ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ደግሞ ከአገራችን ታሪክ ራቅ ማለት አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስን እናንሣ። ጀግንነታቸውን፣ አገር አንድ ለማድረግ የደከሙትን ማንም አይክድም፤ እኛም የእሳቸው ነገር ሲነሣ ደረታችን ይነፋል። በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጋፋት መድፍ አሠርተዋል። መንገድ ሲሠራ ንጉሥ ሆነው ሳለ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደ ነበር ያዩዋቸው የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ከዚህ የበለጠ መሪነት ከወዴት ይገኛል? ሰው የሚከተለው የሚያዝዘውን ሳይሆን ቀድሞ የሚሸከመውን ነውና።

ነገር ግን በተሳሳቱ ጊዜ «ጃንሆይ፣ ይህስ አይሆንም» ብሎ የሚናገራቸውና ተናግሮም በሰላም ቤቱ የሚገባ ሰው በአጠገባቸው አልቀረም። እዚሁ ደራ ውስጥ፣ ጣና ዳር ቆራጣ ላይ፣ በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክተኛ ራሳምን በክብር አስተናግደው ሲያበቁ፣ ጥቂት ሳይቆዩ መልሰው አሰሯቸው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፤ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ መናገሻቸውን ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። የቀድሞው እልፍ አእላፍ ሠራዊት በየመንገዱ ሲከዳ ሲከዳ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጀግንነታቸው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልጎደለም፤ ያለቀው እምነት ነው። መድፍ ማስጎተት የሚችል ጉልበት የተከዳ ሰው ልብ መመለስ አይችልም።

የዕድር ሰብሳቢ ከንጉሥ ጋር አይወዳደርም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ትንሹም ትልቁም መሪ አንድ ዓይነት ፈተና አለበት። በተሰጠው ጸጋ ሲመሰገን ጸጋው ለሁሉም ነገር የሚበቃው ይመስለዋል። አንደበተኛው ሒሳቡንም በአንደበቱ ሊያስረዳ ይፈልጋል፤ ደፋሩ ዕርቁንም በድፍረቱ ሊጨርስ ይፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መልካሙ ምሳሌ እንሂድ። እሱም ሩቅ አይደለም። ከእኛ ከሐሙሲት ተነሥቶ በጎንደሩ መንገድ ወረታ ይደረሳል፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፎ ጥቂት እንደ ተሄደ አውራምባ ነው። ብዙዎቻችሁ በመኪና ስታልፉ ታዩታላችሁ፤ ጋቢና ነጠላቸውን የገዛችሁም አላችሁ። ገብቶ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ከእኛ ሦስታችን ሄደን ውለን መጣን።

አውራምባን በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ የሚባሉ የእስቴ ተወላጅ ገበሬ ናቸው። ትምህርት ቤት የገቡ ሰው አልነበሩም። የጦር ሰው አልነበሩም፤ ባለጸጋም አልነበሩም። ጸጋቸው ምን ነበር ብንል፣ መጠየቅ ነበር። ገና ልጅ ሳሉ፣ «እናቴና አባቴ እርሻ ላይ እኩል ውለው ይመጣሉ፤ ማታ አባቴ ሲያርፍ እናቴ ለምን ትፈጫለች፣ ለምን ትጋግራለች፣ ለምንስ እግር ታጥባለች? ደክማ ሳለ ለምን ትመታለች?» እያሉ ይጠይቁ እንደ ነበር ይናገራሉ። ሰው ግን «ይህ ልጅ አብዷል» አለ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ከቤት ወጥተው በየአገሩ የሚመስላቸውን ሰው ፍለጋ ዞሩ። በኋላ ጥቂት ቤተሰብ አገኙና አንድ ላይ ሰፈሩ።

ከዚያ በኋላ የደረሰባቸው ቀላል አልነበረም። ጎረቤት ጠላቸው። በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ ተወንጅለው፣ ነፍሳቸውን ለማዳን አገር ለቀው ወደ ደቡብ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ሰው ተይዞ ቆያቸው፤ የተመለሰላቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ያን ያህል ሰው በእርሻ አይቀልብም። እንግዲህ አንድ መሪ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? አማሮ ሰውን ወደ ጠብ ሊነዳ ይችላል። እነርሱ ግን ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮና ወደ ንግድ ዞሩ። ዛሬ በሸማ ሥራቸው የታወቁት ከዚያ ችግር የተነሣ ነው።

እኛ በተለይ ያጠናነው አሠራራቸውን ነው። መሥራቹ የመጠየቅ ጸጋቸውን ለብቻቸው አልያዙትም፤ ለሁሉም አካፈሉት። በየአሥራ አምስት ቀኑ በየቤቱ የቤተሰብ ውይይት አለ። አባት ያጠፋውን ልጅ ይናገራል፤ ባል ያጠፋውን ሚስት ትናገራለች፤ ማንም አይቆጣም። ሥራው ሁሉ በኮሚቴ ተከፋፍሏል። ሥራ የሚደለድል አለ፤ በሽተኛ የሚያስታምም አለ፤ ሽማግሌና አሮጊት የሚጦር አለ፤ የጠፋ ዕቃ ተረክቦ ለባለቤቱ የሚመልስ ሳይቀር ኮሚቴ አለ። ሴቷ ታርሳለች፤ ወንዱ ይጋግራል፤ ሥራ የሚሰጠው በችሎታ ነው እንጂ ወንድ ሴት ተብሎ አይደለም። ያልተማሩት ሰው መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት አሠሩ፤ የጎደላቸውን ስላወቁ ነው። በኋላም ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

ለእኛ ለዕድርተኞች ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። እነርሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ይቀበራል፤ ቀባሪውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ድንኳን የለም፤ ተዝካር የለም። በአንጻሩ ጧሪ ያጣ አዛውንት የሚጦርበት ቤት አላቸው፤ ለችግረኛ የሚሆን ገንዘብም በሳምንት አንድ ቀን ለዚሁ ተብሎ እየተሠራ ይጠራቀማል። «ሰውን መርዳት በቁሙ ነው» ይላሉ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን እንደምታዞሩ እናውቃለን። እኛም ስንሄድ ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዱ ገበሬ፣ «እኔ ያለ ፍታት፣ ያለ ለቅሶ አልቀበርም!» ብለው እዚያው ተቆጥተዋል። በእምነት ነገር መንገዳችን የተለያየ ነው፤ እኛም ፍታታችንን፣ ሶላታችንን፣ ለቅሷችንን አንተውም። ለቅሶ የሰውን ልብ ያሽራል። ነገር ግን አያ በመመለሻችን መኪና ውስጥ ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ምን አሉ መሰላችሁ? «ቀብሩን እኛ እናውቅበታለን፤ ማስታመሙን ግን እነሱ ይበልጡናል» አሉ። ከዚህ ጉዞ ያተረፍነው ይህችን ቃል ነው።

ከአዲስ አበባም አንዲት እናት እንጥቀስ፤ ሴቶች በኮሚቴአችን ለምን እንደሚያስፈልጉ ያስረዳልናልና። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው ረኀብ የጎዳው ሕዝብ አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ሕፃናቱ ከሃያ በለጡ። ዘመድ «ወይ እነሱን ወይ እኛን» ባላቸው ጊዜ ከቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር በአንዲት ጎጆ ተቀመጡ፤ እንጀራና ዳቦ እየሸጡም አሳደጓቸው። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ እስካረፉ ድረስ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆነዋል። እኒህ ሴት ንግግር አዋቂ ስለነበሩ አይደለም የታመኑት። ጸጋቸው ሰው አይቶ የሚያልፈውን ማየትና አይቶ አለማለፍ ነበር። እስኪ በዕድራችን ይህ ጸጋ ያላት እናት የለችም? አለች፤ ሞልታለች። ወጥ ስትሠራ ነው የምናውቃት እንጂ በመሪነት ጠረጴዛ አላስቀመጥናትም።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ ሁሉ የደረስንበት አሳብ ቀላል ነው። መሪ የሚታመነው ሁሉን ስለሚችል አይደለም። የሚችለውን በአደባባይ ሲሠራ፣ የማይችለውን ለሚችል ሲለቅቅ፣ የሠራውንም ሳይጠየቅ ሲያስቆጥር ነው። ጸጋ የተሰወረ እንደሆነ፣ መልካሙም ሥራ ሐሜት ይሆናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል ክፉ ተረት አለን፤ በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ አውቀነውም ይሁን ሳናውቅ መሪን ሁሉ በዚህ ተረት እናያለን። ይህን ተረት የሚሽረው ስብከት አይደለም፤ ተከፍቶ የሚታይ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ጉባኤው ዛሬ ተወያይቶ እንዲወስንልን የምናቀርባቸው አሳቦች አምስት ናቸው።

አንደኛ፤ ገንዘብ የሚሰበስበው፣ የሚመዘግበውና ከባንክ የሚያወጣው ሰው የተለያየ ይሁን። ከባንክ ሲወጣ ሦስት ፊርማ ይኑር። ይህ ማንንም ለመጠርጠር አይደለም። ቁልፍ የሚሠራው ለሌባ ብቻ አይደለም፤ ታማኙን ሰው ከሐሜት ይጠብቀዋል። የቀድሞው ሰብሳቢያችን ሦስት ፊርማ ቢኖራቸው ኖሮ ያን ሁሉ ወራት ባልተንገላቱ ነበር።

ሁለተኛ፤ በየሦስት ወሩ ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ የማይችል አባል መስማት ይችላልና። ያልገባው ሰው ሲጠይቅ፣ «ምን ጠርጥረህ ነው?» የሚል መልስ ከእንግዲህ ይቅር። ስንጠየቅ እናመስግን።

ሦስተኛ፤ ኮሚቴ ስንመርጥ ሰውን በጸጋው እንምረጥ። አንደበተኛውን ለማስታረቅ፣ ቆጣሪውን ለመዝገብ፣ ጉልበተኛውን ለድንኳንና ለዕቃ፣ ደጅ ደጁን እየዞረ ሰው የሚጠይቀውን ለበሽተኛ እናድርግ። ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ ግማሹ እናቶች ይሁኑ። ወጣቶችንም እንጨምር፤ መዝገቡን ያቃናልን ወጣት ምስክር ነው። እሱ በጉባኤ መካከል ቆሞ ሁለት ቃል መናገር ያፍራል፤ ለቁጥር ግን እንደሱ ያለ አላየንም።

አራተኛ፤ ደንባችን ይሻሻል። ከወር መዋጮው ጥቂቷ ተቀንሳ ለታመመ አባል መርጃ ትቀመጥ። ምን ያህል ትሁን የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። ወጪው ይጻፍ፤ ይነበብ። ከእንግዲህ በዚህ ዕድር ደግ ሥራ በስውር የሚሠራበት ምክንያት አይኑር።

አምስተኛ፤ ተራ ጠያቂ ይኑር። በየመንደሩ ሁለት ሁለት ሰው በየሳምንቱ ብቻውን የሚኖረውን፣ የታመመውን፣ ያረጀውን ደጅ ያንኳኳ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ጡሩምባ ነፊው ወንድማችን አንድ ቀን እንዲህ አለን፤ «እኔን የምትጠሩኝ ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ እስኪ አንድ ጊዜ ሳይሞት ጥሩኝ»። እሱ በር በሩን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ጠያቂ እሱ ይሁን ብለናል፤ እሱም እሺ ብሏል።

ይህን ስንል እኛ አጥኚዎቹ ንጹሐን ነን ማለታችን አይደለም። ከአምስታችን ሁለቱ ያንጊዜ «ተበልቷል» ካሉት ወገን ነበርን፤ ሳናጣራ አውርተናል። ከእኛ መካከል የእናታችን ቤት ከቤቱ ሃምሳ እርምጃ የማይሞላ ሰውም አለ። ያ ክረምት ሲነሣ አሁንም ቀና ብሎ ማየት ይከብደዋል። ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ፊት የቀድሞውን ሰብሳቢያችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። አባታችን፣ ስምዎን ያለ አግባብ አጉድፈናልና ይቅር ይበሉን። እናንተም ይቅርታውን እንድትካፈሉ እንለምናለን። እሳቸውም ከዚህ በፊት እንደ ነገሩን፣ «እኔም ደብቄ ማዳኔ ሰውን አጣልቷልና ይቅር በሉኝ» ብለዋል። የማስታረቁን ሥራ ዳግመኛ ቢረከቡልን ደስታችን ነው፤ ቁልፉንና ደረሰኙን ግን ለሌላ ሰው እንዲተዉ እንጠይቃለን። ይህንም ራሳቸው ፈልገውታል።

በመጨረሻ፣ የዕድራችን መዝገብ የሞተውን ስም ከነቀኑ ጽፎ ያኖራል። ከዘንድሮ ጀምሮ ከጎኑ አንድ ሌላ መዝገብ እንዲከፈት እንለምናለን፤ የተጠየቀውን በሽተኛና የጠየቀውን ሰው የሚጽፍ። የሚመጣው ዓመት ጉባኤ ላይ ሁለቱም መዝገብ ይነበቡ። ያን ጊዜ ሁለተኛው መዝገብ ከመጀመሪያው ወፍሮ ከተገኘ፣ መሪዎቻችን ታምነዋል፣ እኛም ሰው ሆነናል ማለት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። እንደየእምነታችን አምላክ የሞቱትን ነፍስ ይማርልን፤ ያለነውን በጤና ያቆየን፤ ዕድራችንን ይባርክልን።